የቁራ እግር

ሥራዬ ማፍረስ ነው፣ አሮጌ ቤት መንቀል፣
ምስማር ከሳንቃው ላይ፣ ሳንቃ ከግንድ መነጠል።
ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ፣ ከመሪማክ ማዶ
አንድ ቤት ሰጡኝ፤ ጣሪያው በበረዶ
ጎብጦ የተኛ፣ ባለቤት የሌለው።
ቆጡ ላይ ወጣሁኝ። ወለሉን ስነቅለው
አንዱ ሳንቃ ከበደኝ፤ ወርዱ ክንድ ከስንዝር፣
ፊቱን ደፍቶ ተኝቷል እንደ ባለ ምስጢር።
ገልብጬ ባየው፣ ሦስት የመጥረቢያ ምት፤
ቁራ እርጥብ ጭቃ ላይ ቆሞ የሄደበት።

በፊት ጥድ ነበረ። አቤናኪዎቹ
በዓሣ ወር ሲመጡ ከነሕፃኖቹ
ከሥሩ ያድሩ ነበር፤ ስምም ነበረው።
ስሙን አላውቀውም። ፈንጣጣ ያተረፈው
ወደ ሰሜን ሄደ፤ እዚሁ የቀረው
የተውሶ ስም ለብሶ የራሱን ቀበረው።
ከዚያ ከባሕር ማዶ፣ ለመርከቡ ደቀል
ንጉሥ ሰው ላከበት፣ ያሻውን ሊነጥል፤
«ክንድ ከጋት ያለፈ ግንዱ የኔ ነው» ብሎ
ያችን እግር ቀርጾ ሄደ ተቻኩሎ።

ሕዝቅያስ ሊቪት ግን፣ ጸሎተኛው ገበሬ፣
«ድንጋዩን ለቅሜ፣ ጫካውን መንጥሬ
ጥላው ብቻ ነው ወይ የድካሜ ፍሬ?»
አለና አንድ ሌሊት፣ በረዶው ሲያበራ፣
ጣለው ከወንድሙ፣ ከአብድዩ ጋራ።
በመጋዝ ሰነጠቁት። ጠባቡን አንጥፈው
እንግዳ በሚያይበት፣ ሰፊውን ደብቀው
ቆጡ ላይ አኖሩት፣ ምልክቱን ወደ ታች።
ሚስቱ መሄጣብኤል ሱፍ እላዩ አሰጣች፤
«የሌባ እንጨት ደረቅ ነው» እያለች ቀለደች።

ንጉሡ ሲሻር ደወል ተደወለ።
በፖርትስመዝ ወደብ፣ ኩፊ የተባለ
የነጋዴ ባሪያ፣ ገመዱን ሲጎትት፣
«ለኔስ?» ብሎ ጻፈ፣ በትሑት አንደበት።
ሸንጎው አነበበው፤ «ጊዜው አይደለም» አለ።
ጊዜው እስኪደርስ ድረስ ኩፊ አፈር ውስጥ ዋለ።
(በኛ ዘመን፣ መንገድ ሲቆፈር፣ አካፋ ቢመታ
ሣጥን ነው የነካው፣ ሣጥን በተርታ።
ጥድ ነው እሱም። ምልክት የለው፣ ስም።
ወርዱን የለካ ሰው ያን ጊዜ አልነበረም።)

ደግሞ በግ መጣና ተራራው መለጠ፤
ደግሞ «ድንጋይ አልባ አፈር ኦሃዮ አለ» ተባለ፣ ወንዱ ሮጠ።
ሴቶቹ ወደ ወንዙ፣ ወደ ጨርቅ ፋብሪካ፣
ከደቡብ ወደመጣ ጥጥ፣ ደወል ወደሚለካ
ቀን ውስጥ ገቡ። ጥጡን ማን እንደለቀመው
ክሩ አልተናገረም፤ ማንም አልጠየቀው።

ቤቱን በርካሽ ገዛው የዴልፊን ጋኞን ባል፤
ከኬቤክ መጥተዋል፤ ጸሎታቸው ፈረንሳይኛ፣ ሳላቸው ጥጥ ይላል።
ስምንት ልጅ ሳንቃው ላይ በተርታ ተኛበት፤
አንዱ የሞተበትን ቀን በእርሳስ ጻፈችበት።
ቀኑ አለ። ስሙ የለም፤ አይጥ ነው የበላው።
ፋብሪካው ሲዘጋ ቤቱን ዝምታ ሞላው።

አሁን አንድ የቦስተን ጠበቃ ስልክ ደውሎ
ለእራት ጠረጴዛ ይፈልገዋል፤ «በቶሎ!
ምልክቱ ወደ ላይ፣ እንግዳ እንዲያየው።»
በጣት ወርድ ይከፍላል።
ያኔ ያሳስር የነበረ ስፋት ዛሬ ነው የሚያስከብረው።

ሳንቃውን ጫንኩት። መኪናዬ ታርጋው ላይ
«ነጻ ኑር ወይ ሙት» ይላል፤ ለሚከተለኝ ሁሉ እንዲታይ።
ይህን የሚያትሙት የወህኒ ቤት ሰዎች ናቸው፤
የአክስቴ ልጅ አንዱ ነው፤ በወር አንዴ አያቸዋለሁ፣ እሱንና ቀለም የነካው ጣታቸው።

ልሄድ ስል አየሁት። በጎች በነበሩበት
አዲስ ጥድ በቅሏል፣ ቀጥ ያለ፣ እንከን የሌለበት።
አቅፌ ለካሁት፤ ክንድ ከጋት ያልፋል።
መሬቱ የማን ነው? ባንኩ ይሆናል፤ ባንኩ ያውቃል።
የሚነፋ ቀለም አለኝ፣ ብርቱካናማ፣ ለሥራ፤
ሦስቴ ጫር አደረግኩት።
ዘወር ብዬ ሳየው —
ቁራ።