ጥያቄ አርባ አንድ

ከደብረ ብርሃን በሌሊት ወጣን፣ በዩኒቨርሲቲው መኪና፣
ከጣርማበር አፋፍ ታጠፍን፣ ሞላሌን አለፍን በደመና።
አስፋልቱ አለቀ፤ ጠጠሩም አለቀ፤
ሾፌሩ "ከዚህ ወዲያ እግራችሁ ያውቃል" ብሎ ሳቀ።

ቦርሳዬ ውስጥ ሚዛን፣ የክንድ መለኪያ ጥብጣብ፣
አረንጓዴው የጥጋብ፣ ቢጫው የሥጋት፣ ቀዩ የረኃብ፤
ሰማንያ ሁለት ጥያቄ የጫንኩበት ታብሌት፣
የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሦስቴ መልሶት ያረምነው፣ ስንቱን ቀን፣ ስንቱን ሌት።

ወይዘሮ ደብሪቱ በራፏ ላይ የበግ ጠጉር ታባዝታለች፤
ጋቢዋ ሥር አንድ ጨቅላ፤ የሃያ ቀን አራስ ነች።
"ከዩኒቨርሲቲ ነን" አልኩ። "እሺ፣ ፀሐይ ወዳለበት ዙሩ፤
እዚህ ቤት ጥያቄ እንደ ውርጭ ነው፣ አይቀርም በየወሩ።"

ስም፣ ዕድሜ፣ ትምህርት። ጣቴ በመስተዋቱ ላይ ሮጠ።
ስንት ወለዱ? "ስድስት።" በሕይወት ያሉ? "አራት።" ጣቴ ቆም አለ፤ ገጽ ገለጠ።

ጥያቄ አርባ አንድ፦ ጤና ጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ ያስኬዳል?
ባዶ ሣጥን፣ ሦስት አሃዝ። ይህ ምኑ ይከብዳል?

ባዘቶውን ጭኗ ላይ አኖረች። ቀና አለች።
"ለማን?" አለች።

"ለማን እግር ልንገርሽ፣ ልጄ፣ በየትኛው ወራት?
ቅቤዬን ይዤ ለገበያ ስወርድ ሦስት ሰዓት፤
ስመለስ ዳገት ነው፣ አራት።
ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ነው የሚቆጥረው፤
እሱ ሲፈቅድ ነው የምንሻገረው።
በቃሬዛ ከሆነ ስምንት ጎረምሳ ቁጠሪ፤
ያጨዳ ሰሞን ግን ጎረምሳ የለም፤ ሽማግሌ ጥሪ።
ሽማግሌ በየጉብታው ያርፋል፤
ምጥ አያርፍም። ጀምበር ያልፋል።

እኅቴን ጌጤን ወስደናት ነበር፣ በነሐሴ፤
ውኃውን ይዤ ከኋላ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ራሴ።
ታዲያ የጌጤን ስንት ልበልሽ?
እኛ ደርሰናል።
እሷ ገና ናት።"

ጨቅላው ነቃ። ሚዛኑን ከወራጁ ላይ ሰቀልኩ፤
ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ፤ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ።
"ከባድ ነው?" አለች። "ደኅና ነው" አልኩ። ሳቀች አንጋጣ፤
"ጠቦቴ ከዚህ ይከብዳል፤ እሱም ይመዘን፣ ላምጣ?"

በሳምንቱ ደብረ ብርሃን፣ ቢሮ፣ ማሞቂያው ተበላሽቶ፣
ሙሉሰው፣ ቁጥር አዋቂያችን፣ በሹራብ ላይ ሹራብ ጎትቶ፣
"ይቺ ረድፍ አርባ አንድ ላይ ባዶ ናት" አለኝ፤ "ዘነጋሽ?
ካልታወቀ ሦስት ዘጠኝ ነው፤ ያስተማርሽን አንቺ፣ ምን ነካሽ?"

"ይታወቃል" አልኩት። "እንግዲያ ስንት ነው?" አለ። ዝም አልኩ።
ሦስት ሰዓት፣ መቶ ሰማንያ ደቂቃ፤ ጣቴን ሣጥኑ ላይ ተከልኩ።
ነገር ግን ያ ቅቤ የያዘ እግር ነው፣ በበጋ፣ በጤና፤
አማካዩን ብወስድ ጌጤ በምን ትካፈላለች? አልደረሰችም ገና።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም፤ በአሥራ አንድ አገር ተተርጉሟል፤
አንዲት ቃል ብትነካ ንጽጽሩ ሁሉ ይናጋል ተብሏል።
ኔፓል ውስጥ፣ ማላዊ ውስጥ፣ አንዷ ሴት በራፏ ላይ ተቀምጣ
ይቺኑ ሣጥን ስታይ "ለማን?" ሳትል አልቀረችም።

ከሠንጠረዡ ጠርዝ "ሌላ ካለ" የሚል ዓምድ አለ፣ ማንም የማያነበው፤
እዚያ ላይ ጻፍኩት፣ እሷ እንዳለችው፣
ከነወንዙ፣ ከነቅቤው።

ሙሉሰው አነበበ። ምንም አላለም። የቀዘቀዘ ሻዩን ጠጣ።
ቀጥሎ ሦስት ዘጠኝ የተሞላባቸውን ረድፎች ለይቶ አወጣ፤
አርባ ሰባት ናቸው።
በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ ቆጠራቸው።

"እነዚህስ" አለ፣ "ምን ብለው ነበር?"

ለጠያቂዎቹ መደወል ጀመርኩ፣ ከመጀመሪያው መንደር።