ደርሶ መልስ

በዚህች ጠባብ መስኮት አባቴ ቲኬት ቆርጧል፣
«ደርሶ መልስ ነው፣ መሄጃ?» ብሎ ሁሉን ጠይቋል።
«መሄጃ ብቻ» ይል ነበር የመንደሩ ወጣት፣
ሻንጣውን በገመድ ጠፍሮ በሰባት ዙር እጥፋት።
ባቡሩ ወሰደው፤ ባቡሩም ራሱ በተራው ቀረና
ሐዲዱ ተነቅሎ አስፋልት ተነጠፈ፣ የብስክሌት ጎዳና።

አሁን መስኮቱ ላይ እኔ አለሁ፣ ኤርሚን፣ የጣቢያው ሹም ልጅ፤
አሥራ አንድ ብስክሌት፣ አንድ መንፊያ፣ ቅባት የጠገበ እጅ።
እንግዳ ሲመጣ ካርታ እዘረጋለሁ፣
በእርሳስ እየከበብኩ እንዲህ እነግራለሁ፦

«ግራውን ይዛችሁ ወንዙ ጋ ስትደርሱ ታንኳ አለ ለኪራይ፣
ውኃው እስከ ጉልበት ነው፤ መስጠም የሚችል ካለ ቆመን እናይ።
ድልድዩን ተሻግሮ የጥንቱ ልብስ ማጠቢያ ገንዳ፣
አንሶላ ሲነጻ የሰው ስም ያደፈበት ሜዳ።
ቤተ ክርስቲያኑ ዝግ ነው፤ ቁልፉ ማዳም ሉቫ ዘንድ ነው፣
ዶሮ ቤቷ በር ላይ፣ ከእንቁላል ቅርጫቱ ጎን የተሰቀለው።
ዓምዱ ላይ አሳማ አለ፣ ዘለላ በአፉ ይዞ የሚስቅ፣
ጠራቢው ደመወዙን መነፈጉን እስከ ዛሬ የሚያሳብቅ።
ከዚያ ሽቅብ ነው፤ ማርሽ ቀንሱ፤ ነጩ ቋጥኝ ጫፍ ስትደርሱ
ወይኑ ሹሩባ ተሠርቶ ታዩታላችሁ፣ ኮረብታው ሁሉ፣ እስከ ራሱ።
አንሴልም ጓዳ ቅመሱ። የተቀመሰ ይተፋል ቢባልም
እሱ ፊት አትትፉ፤ ሦስት ቀን አያናግራችሁም አንሴልም።
ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሱልኝ።
ደርሶ መልስ ነው፣ ሁሉም።»

ሁሉም ይመለሳል።
አይቶ፣ ቀምሶ፣ ጎማውን አቧራ አልብሶ፣
ሂሳብ ከፍሎ ይሄዳል።

ሚያዝያ ነበር ያኔ፤ ለጋው እንቡጥ ከጥፍር አይበልጥ፣
ሰማዩ ጥርት ብሎ። እኛን ጥርት ያለ ሰማይ ነው የሚያስደነግጥ።
ኮከቡ የበዛ ቀን የወይን ገበሬ ካልሲውን አውልቆ አይተኛም፤
ውርጭ ኮቴ የለውም፣ በር አያንኳኳም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንሴልም ለኮሰ፣ ሰም የሞላ ባልዲውን፣
ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ መቶኛውን።
ኮረብታው እሳት ለበሰ ከግርጌው እስከ አናቱ፤
እንግዶቹ ስልካቸውን እንደ ጧፍ ይዘው ከየቤቱ ወጡ።
«በዓል ነው?» አለ ኮርኔሊስ፣ የሮተርዳሙ ሰው፣
«እንዴት ያምራል!» አለ።
ቤት ሲቃጠልም ያምራል፣ ባለቤቱ ላልሆነው።

አንሴልም አልመለሰም። አልተቆጣም።
መለኮሻውን አቀበለው፣
«የታችኛው ረድፍ ያንተ ነው» አለው።

እስኪነጋ ጎንበስ ቀና፤ ጢሱ ዓይን ይቆረቁራል፣
የቆመ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ የሮጠ ሰው ያልበዋል።
ጎህ ሲቀድ ኮርኔሊስ ጥቀርሻ በጠጣ ጣቱ
አንዷን እንቡጥ ነካ፦ አረንጓዴ።
ቀጥላ ያለችውን፦ ቡናማ፣ እንደ ትንባሆ።
ላዩ ተረፈ። ከታቹ ግማሹ ሄደ።
ማንም አላለቀሰም፣ ማንም «አሸነፍን» አላለም፤
ማዳም ሉቫ ለአርባ ሰው እንቁላል ጠበሰች፣ ጨው ረስታ፤
ጨው የጠየቀ የለም።

ያን ቀን ማታ አሥሩ ብስክሌት ተመለሰ።
ሰባት ቁጥር ቀረች።

መስከረም ላይ አየኋት፣ አንሴልም ግንብ ላይ ተደግፋ፣
ቀንድ አውጣ ከነቤቷ ቸርኬዋ ላይ አርፋ።
ከረድፉ መሐል መቀስ ይሰማል፣ ዘለላ ሲቆርጥ፣
ደግሞ አንድ ኮልታፋ ፈረንሳይኛ፣ ከመቀሱ ጋር የሚሯሯጥ።

ጣቢያው ተመልሼ የኪራይ ደብተሬን ገለጥኩ፤
መቶ ሃምሳ ቀን ዕዳ ነው። እርሳሴን አነሣሁ፣ አልደመርኩ።
«ደርሶ መልስ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩና
አባቴ በዚህች መስኮት
አንድም ቀን ያልጻፈውን ጻፍኩበት፦

መምጫ ብቻ።