ሻሽ

ቫልፓራይሶ ላይ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት፣
ማተሚያው ከምድር ቤት ሲያጓራ ከርሃብ ብዛት፣
ኤልዮዶሮ ብቻ ከመብራቱ ሥር አለ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ርዕስ እየነቀለ፣
ርዕስ እየተከለ።

ፊቱ ፎቶ አለ። ከሆስፒታል በር ላይ
ሚሬያ ስትወጣ፣ የመድረኳ ፀሐይ፣
ከወደብ የመጣ ነፋስ ሻሿን ነጥቆ ሲበር፣
ራሷ ተገልጦ፣ ልሙጥ እንደ ጠጠር።

ወጣቱ ዘጋቢ፣ ያ ፈጣኑ ባውቲስታ፣
«መላጣዋ ንግሥት» ብሎ ጽፏል በደስታ።
«ይሸጣል» አለ አለቃው፣ «እንደ ትኩስ ዳቦ፤
ነገ ሰው ይጋፋል ኪዮስኩን ከብቦ።»

ኤልዮዶሮ ዝም። ከጠረጴዛው መስታወት በታች
አንዲት ቁራጭ ወረቀት ቢጫ ሆና ተኝታለች፤
«ሰክሮ ወደቀ» ትላለች፤ የገዛ እጁ ሥራ ናት፣
ስለ ዝነኛ በረኛ፣ የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት።
ሰውየው አልሰከረም፤ ወንድሙን ቀብሮ መጥቶ
ጉልበቱ ከድቶት ነው ከደጁ ላይ ተደፍቶ።
ልጁ ቆርጣ ላከችው። ስድብ የለ፣ ደብዳቤ የለ፤
«ሰክሮ» ከሚለው ሥር ቀይ መስመር ብቻ አለ።

እርሳሱን በምላሱ አርሶ ሞከረ፦ «ምስኪኗ ሚሬያ»፤
ሰረዘው፤ ከንፈር መምጠጥም ሰውን ያወጣል ገበያ።
«ጀግናዋ ሚሬያ» አለ፤ ይኼንንም ሰረዘው፤
መድኃኒት ልትወስድ ሄደች እንጂ ማን ሜዳሊያ ጠየቀው?
«ምስጢራዊቷ…» ሳቀ። የምን ምስጢር? ነፋስ ነው።
አሥራ አራት ፊደል ብቻ፣ ከዚያ በላይ ቦታ የለው።

ርዕስ ማለት ራስ ነው። የጽሑፍ ራስ፣ የሰው ራስ።
ነፋስስ አያውቅም፤ እኔ ግን ነኝ ወይ ነፋስ?

ስልኩን አነሣ። በዚህ ሌሊት! ነውር ነው፣ ያውቀዋል።
«ሴኞራ፣ ምን ልበል?» ብሎ ይጠይቃታል።
ጸጥታ። ሳል። ከዚያ ሳቅ፣ ያ የመድረክ ሳቅ፣ ከጉሮሮዋ ሥር፦
«ፀጉሬን እንደ ፈለግህ፤ ዕድሜዬን ብቻ ሰውር!
ደግሞ ሐሙስ ትርኢት አለኝ፤ ወንበሩ አልሞላልኝም።»
ጻፈው፦ «ሚሬያ ሐሙስ ትጠብቃችኋለች»። ፎቶውንም
ለወጠው፤ ነፋሱ ሳይደርስ፣ ከአንድ ቅጽበት በፊት ያለውን፣
ሻሿን በሁለት ጣቷ ስትይዝ የሚያሳየውን።

በማግስቱ ሁለት መቶ ቅጂ ሳይሸጥ ተመለሰ፤
አለቃው በስልክ ጮኸ፣ ወቀሰ፣ ወቀሰ።

ኤልዮዶሮ ሰርዲን ሊገዛ ተራ ይዞ ነበር፤
ዓሣ ሻጯ ጋዜጣውን ለመጠቅለያ ስትመነዝር
አየ፤ ስፖርቱን ቀደደች፣ ፖለቲካውን ቀደደች፤
የሚሬያን ገጽ ግን
እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ አጥፋ ከኪሷ ከተተች።