ከጎላው ጀርባ

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከሰዓት ጠጋኙ ጎን፣ አንዲት በር አለችኝ፣
ሁለት ደንበኛ ሲገባ እኔን የምታስወጣኝ።
ካሴት እቀበላለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ።
"በዋቭ ይሁን፣ በፍላክ፣ በኤምፒስሪ?" ብዬ እጠይቃለሁ።
"በሚረክሰው" ይላሉ።
እኔም አልከራከር፤ እቀዳለሁ።

ሐምሌ ነበር። ጃንጥላቸውን ደጅ አራግፈው
ወይዘሮ ትርንጎ ገቡ፣ አንዲት ፍላሽ በመሐረብ ቋጥረው፣
ከአዘዞ ድረስ፣ በዚያ ዝናብ።
"የወንድሜ የአያልሰው ዋሽንት" አሉ፣ "አንተው የገለበጥህልኝ፣
የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት። ዋሽንቱ አለ። እናቴ ግን ጠፋችብኝ።"

"እናትዎ?"
"ምስር ትለቅም ነበር፣ እሱ ሲነፋ፣ ከበስተኋላው ተቀምጣ።
ጠጠሩን ጣሳ ውስጥ ስትጥል፣ ጠብ... ቆይቶ ጠብ... ሲመጣ
ካሴቱ ላይ ይሰማ ነበር።"
"ካሴቱስ?"
"ልጆቹ ሰርግ ቀዱበት።"

አንገቴን ደፋሁ። ጥፋቱን አውቀዋለሁ።
ያን ዘመን ዲስኬ ጠባብ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም፣
ሰው ደጄ ተሰልፎ "አልደረሰም?" ሲለኝ እኔ ስቻኮል፣ ስለመልም፣
ስልሳ አራት ኪሎቢት ላይ ጨመቅሁት፤ ማንንም አልጠየቅሁም።
ያ ፕሮግራም እሱም ለቃሚ ነው። ልማዱ ነው፤
ከጎላ ድምጽ ጀርባ ቀስ ያለ ድምጽ ቆሞ ሲያገኘው
"ይኼንን ጆሮ አይሻው" ይልና
ይጥለዋል ለቅሞ።
እናቲቱ ጠጠሯን ከምስሩ ስትለይ፣
እሱ እሷን ከዋሽንቱ ለየ፤
ጣሳም አልነበረው፣ የወደቀችበት ድምጽ አልታየ።

"አሁን ምንም የማይጥል አለ ይላሉ። ወደዚያው ቀይርልኝ።"

"ፍላክ ነጠላ እንደ ማጠፍ ነው" አልኋቸው። "ለሳጥን እንዲመች አጥፈው
ለዓመት በዓል ሲዘረጉት ያው ነጠላ ነው፣ አንድ ክር ሳይጎድለው።
እኔ ግን ያኔ አላጠፍሁም። ጥለቱን ቆርጬ ነው የከተትሁት።
ዛሬ ቁራጩን አጣጥፌ..."
"ግንቡን በሲሚንቶ እንደ ጠገኑት"
አሉኝ ቀድመው። "ገባኝ። ግን ሞክረው።"

ሞከርሁ። ሦስት ሜጋ የነበረው ሃያ ሦስት ሆነ።
ጋኑ ገዘፈ እንጂ ውሃው ያው አንድ ጣሳ ሆነ።
ማዳመጫውን አጠለቅሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ።
አያልሰው ነፋ፣ ጨረሰ።
ራሳቸውን ነቀነቁ።

መሳቢያዬ ውስጥ አሮጌ ዲስክ አለኝ፣ የዚያን ዘመኑ፣
ምናልባት ዋቩ ሳይደመሰስ፣ ተረስቶ ቀርቶ ከሆነ በጎኑ
ብዬ አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግሁ፣ ገመዱን ሰካሁ።
ሊዞር ሞከረ፤ አቃተው።
ጠቅ፣ አለ።
ቆየ።
ጠቅ።

እንዲህ ያለ ዲስክ እንደማይነሣ ስንቱን ቀብሬ አውቃለሁ፣
ልነቅለው እጄን ስሰድ መታ አደረጉኝ በጣታቸው።
ማዳመጫውን አውልቀው ጆሯቸውን ጠረጴዛው ላይ አስጠግተው፦
"እሷ አይደለችም" አሉ። "አውቃለሁ።
ግን ትንሽ ተዋት።"

ተውኋት።
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ በረታ፣ ቁልቁለቱ ላይ ባጃጅ ጮኸ፣
ሰዓት ጠጋኙ ዜና ሊሰማ ራዲዮውን አጎላ፤
እኛ ከዚያ ሁሉ ጀርባ
ጠጠር ስንቆጥር መሸ።