የኢፍቱ ወንበር

የጅማ ሐምሌ ነው፤ አዌቱ ሞልቶ፣
ባጃጁ ድልድዩ ጋ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣
ዘምዘም ሻሿን ነክሳ፣ እኔ ባጃጅ ስገፋ፣
ሰዓቱ አመለጠን፤ ሌሊቱም ገፋ።

ስትወለድ አላለቀሰችም።
አዋላጇ አሸቻት፣ ገለበጠቻት፣ በጭምብል አየር ሰጠቻት፤
ክፍሉ ውስጥ የሚናገረው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነበር።
ስድስት ደቂቃ። ሰባት።
ከዚያ ቀጭን ድምፅ፣ እንደ ድመት ግልገል።
ተረፈች አልን። ተርፋለች።
ያ ሰባት ደቂቃ ግን አብሮን ቤት ገባ።

በስምንት ወሯ አንገቷ አልጸናም።
በዓመቷ እግሮቿ እንደ መቀስ ተቆላለፉ፤
አውራ ጣቷ ጡጫዋ ውስጥ ታስሮ ከረመ፤
ከማንኪያው ወተት ግማሹ ለደረቷ።

ሄርማታ ገበያ ሐኪም ያልሆነ ማን አለ?
"ዓይን ነው።" "እናቷ የረገጠችው ነገር አለ።"
አንዱ እጄን አይቶ፦
"ስንት ዋንዛ ጣልክ? ዛፉ ይሆናል የረገመህ።"
ይሄኛው ስንት ሌሊት አላስተኛኝም።

ሆስፒታል ገመቹ የሚባል ልጅ
በካርዷ ጀርባ አንጎል ሣለልኝ፦
"እግሯ ጤነኛ ነው፤ ትእዛዝ የሚወጣበት ቦታ ነው የተጎዳው።
ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። አይጋባም።
ከማህፀን የሚጀምር አለ፤ ያለ ቀኑ ከመወለድ፣
ከከባድ ቢጫነት፣ ከማጅራት ገትር የሚመጣም አለ።
የእርሷ፣ ምናልባት፣ ያ የአየር እጥረት።"
ምናልባት አለኝ።
ቃሉን ይዤ ወጣሁ፤ ከእርግማን ይቀላል።

በርጩማ ሠሪ ነኝ። ከአንድ ግንድ፣ ያለ ምስማር፣ ሦስት እግር፤
ሦስት እግር መሬት አይመርጥም።
አስቀመጥኳት፣ ተንሸራተተች።

እንጨት ስለካ የኖርኩ፣ ልጄን ለካሁ፤
ከዳሌ እስከ ጉልበት ስንዝሬን ዘረጋሁ፤
ለጀርባዋ ድጋፍ፣ ለጭንቅላቷ ክንፍ፤
እግሮቿ እንዳይጣሉ መሐላቸው አንድ ጉጥ፣
ለወገቧ ጠፍር፣ ከአሮጌ ቀበቶዬ የሚቆረጥ።
ሦስቴ ሠራሁ፣ ሦስቴ ፈታሁ።

በአራተኛው ተቀመጠች።
ጣሪያ ብቻ የምታውቅ ልጅ መንገዱን አየች፤
የሰው ፊት ከላይ ብቻ እንደማይመጣ አየች።

አሁን አምስት ዓመቷ ነው። ትናንት አንድ ገዢ
እርሷን ዘሎ፣ "ይሄ ወንበር ስንት ነው?" አለኝ።
አፏ ተከፈተ። አንገቷ ዞረ።
ቀኝ እጇ ሳትጠራው ተነሣ።
ሰውዬው እኔን አየ፣ ስልኩን አየ።
ዝም አልኩ።
ሰባት ደቂቃ ጠብቄ አውቃለሁ።

"አይ... ሸ... ጥም" አለች።

ሌላ አሳየሁት።