የድምፅ መንሽ

በነሐሴ ሙስካት ባሕሩ ቤት ይገባል፤
በመስኮት አይደለም፣ በላብ።
የማዳም ፒያኖ እንጨቱ ያብጣል፣ ጅማቱ ይረግባል፤
ያኔ ሽማግሌው ኤካርት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይመጣል።

ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ካልሲው ተቀዷል።
ከደረት ኪሱ ባለ ሁለት ጣት ብረት ያወጣል፣
ጉልበቱን መታ አድርጎ ጆሮው ሥር ያቆማታል።
ምንድን ናት? አልኩት በዓረብኛ፣ ጨርቄን እንደያዝኩ።
«ሽቲምጋብል» አለኝ። ሳቅኩ።

እንደ ዳቦ ለሁለት ቆረሰልኝ፦
ሽቲም፣ ድምፅ። ጋብል፣ ሹካ።
(ሹካ እዚህ አገር እሾህም ነው፤
የእኛዋ ባሕር ስትሻገር እሾህነቷን ጥላ ነው ለካ።)
ግን ጋብል፣ አለ፣ ገበታ ላይ ሳትቀርብ
አውድማ ላይ ነበረች።
እጁን ሽቅብ ወርውሮ
ሳሎኑ መሐል የሌለ ገለባ በተነ።
መንሽ! ብዬ ጮኽኩ። መንሽ ናታ!
ከፎቅ ማዳም፦ ምን ሆንሽ?

ድምፁስ? አልኩ ቀስ ብዬ።
የጉሮሮም የምርጫም ነው፣ አለ፤ በእኛ ቋንቋ አንድ ቃል።
በእኛም።
ደጀን፣ ሦስተኛ «ለ» ክፍል፣ በሻማ
ድምፅ ስቆጥር አድሬያለሁ እኮ፤
የተጣጠፈ ድምፅ፣ የማያስል፣ የማይተነፍስ።
አንዱ ወረቀት ላይ «በሬዬን መልሱልኝ» ይላል።
ዋጋ አልባ ከሚባሉት ጋር አኖርነው።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ።
እኛ ክር እንቃኛለን፣ አልኩት፤
ሰላይም አገር ይቃኛል፤
ቅኝ የሚገዛም አለ።
አንድ ሥር ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም፤
አንድ ደጅ ግን ይቆማሉ።
ዝም አለ። ቁልፉን በጨርቅ ወለወለ፣ ንጹሕ ነበረ።

ሲጨርስ መንሿን መታ፣
እጀታዋን ክርኔ ላይ አሳረፈ።
አጥንቴ ውስጥ የሆነ ሰው ተናገረ።

ሦስት ዓመቴ ነው፤
እዚህ ቤት ከ«እሺ» በቀር ድምፅ አልሰጠሁም።

«ሽቲምት?» አለኝ፤ ከዚያው ከድምፅ የወጣ ቃል፣
ልክ ነው? ማለቱ ነው።
ከመሐል ወደ ግራ አራተኛዋን ነካ።

ጨርቄን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።
አይ፣ አልኩ።
ትንሽ ወርዳለች።

መነጽሩን አደረገ፣
ጎንበስ ብሎ
አጠበቃት።