ሠላሳ አንድ ጭረት

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪው ሰፈር፣ ከጎማ ቤቶቹ ጀርባ፣
በቆርቆሮ በሩ ስንጥቅ ፀሐይ ሳታንኳኳ ስትገባ፣
እኔና ኩንጁሞን፣ በተደፋ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጠን፣
ያረጀ የሳህን ማጠቢያ ማሽን፣ ብሎን በብሎን እንፈታለን።

ሰው ጭልፊት ይሰበስባል፤ ሰው አሮጌ መኪና፣ ሰው ሰዓት፤
እኔን የያዘኝ ይሄ ነው፤ ልክፍት በሉት፣ ወይ ጅልነት።
አንዷ ጀርመን፣ ላም የምታህል፣ አራት ሆነን ያወረድናት፤
አንዷ ጣሊያን፣ ነጭናጫ፣ ውኃ በቀመሰች ቁጥር የሚያስላት፤
አንዷ አሜሪካ፣ ብርቱካንማ፣ ባለ ጎማ፣ ከላይ የምትከፈት፣
ከአጅማን አሮጌ ተራ በስልሳ ድርሃም የገዛኋት።

ሙያውን ያስተማረኝ ኩንጁሞን ነው፤ በተሰባበረ ዐረብኛ፣ በእጅ፣ በአገጭ፤
የደነዘዘ ሰዓት ቆጣሪዋን ጆሮ ለጥፎ ማድመጥ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤
የክንዷን ቀዳዳ በመርፌ መንቀስ፤ የደረቀ ጎማዋን በግሊሰሪን ማሸት፤
ኖራ የጋገረ ሆዷን በሎሚ ጨው ዘፍዝፎ ማደር፣ እስኪለቃት።

ጨው እንደምትበላ ሲነግረኝ ግን፣ ሳቅ አመለጠኝ ከጉሮሮዬ፤
የባቲ ልጅ ነኝ፤ በሰኞ ገበያ፣ አሞሌ ከግመል ሲራገፍ ነው ያየሁት በዓይኔ።
ከሆዷ ሥር ሌላ አፍ አላት፤ ካላጎረስኳት ብርጭቆው ጉም ለብሶ ይወጣል፤
ለራስህ ስትል ጣፍጥ የሚባለው ጨው፣ እዚህ ለሰው ሳህን ይሟሟል።

አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ሳጥብ፣ ማሽኑ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤
«መብራት ይፈጃል፤ ሰዓዳ እያለች!» እመቤቲቱ፣ ሳትቆጣ፣ እንደ ምክር።
ሽንኩርት ነበር የማኖርበት። እጄ እስከ ክርኑ ነጭ ሆኖ ሲላጥ፣
በሩን ከፍቼ አየው ነበር፤ ሥራ ፈት ጎረምሳ ይመስል፣ ሽንኩርት እየሸተተ ሲያላግጥ።

ባለፈው ጥር፣ ሊፈርስ ከተቃረበ ቪላ፣ አንዲት ዝገታም አመጣን፤
ቅርፊቷ የተጣለ መርከብ ነው፤ ውስጧን ስንከፍት ግን ዝም አልን።
ኖራ የለም። ማጣሪያዋ ላይ አንድ የሩዝ ፍሬ የለም።
ወረቀቷ እንደተለጠፈ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት፣ አንድ ቀን አልሠራችም።
«ድንግል ናት!» አለ ኩንጁሞን፣ ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።
ታዲያ የዚያን ቤት ሳህን ማን አጠበው?

ከቅርጫቷ ውስጥ ማበጠሪያ፣ ግማሽ ሳሙና፣ የታጠፈ ሰማያዊ ሻሽ፤
ቁም ሳጥን አድርጋት ኖሯል አንዲት ሴት፣ ዕቃዋን ከሰው ዓይን ልታሸሽ።
ከበሩ ጀርባ፣ በሹል ነገር የተቧጠጠ ጭረት፤
አራት ቁመት፣ አንድ አግድም፣ ስድስት ጊዜ፤ ከዚያ አንዱ ብቻውን የቆመበት።
ከሥሩ ክብ ክብ ፊደል፣ እንደ ተጠቀለለ ክር።
«የእኛ አይደለም» አለ ኩንጁሞን፣ «የሲንሃላ ነው፣ ከባሕሩ ማዶ አገር።»
ልብስ ተኳሹ ጉናዳሳ መነጽሩን ጠርጎ፣ «ኩሱማ» አለ፤ «አበባ ማለት ነው።»
ወር ይሁን ሳምንት ቁጥሩ፣ እሱም አያውቅ፤ የሚያውቀው ማነው?
ሠላሳ ሁለተኛው የለም።

ሙባረክ የሚባል ሰብሳቢ መጣ፤ ሦስት ሺህ ድርሃም ቆጠረ፤
«ቡጭርጭሩን በብርጭቆ ወረቀት ፋቁልኝና እወስዳለሁ» ብሎ ተናገረ።
«ሞተሯ ተቃጥሏል» አልኩት። ኩንጁሞን ጣሪያውን አየ፣ ጣሪያው ላይ ምንም ሳይኖር፤
ሙባረክ ጣሊያኗን ይዞ ሄደ። ሳሏን አልነገርኩትም፤ ይቅር።

ማታ ጨዋን አጎረስኳት። የኩንጁሞንን የምሳ ዕቃ፣ የኔን ብርጭቆ፣
ከጎረቤት ሻይ ቤት የተዋስነውን ሳህን፣ ወጡ እንደ ቀለም ደርቆ፣
ደርድሬ ቁልፏን አዞርኩ። ቀጭ፣ ቀጭ። አጉረመረመች፤ ውኃው ወረደ፤
የተኛ ክንዷ አንዴ ተንገዳገደ፣ ዞረ፣ ለመደ።
ሰዓት አልፎ ስከፍታት፣ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፤
ጭረቱ እዚያው ነው፣ ርሶ፤ በጣቴ ቆጠርኩት፣ አንድም አልጎደለኝ።

የሻይ ቤቱ ልጅ ሳህኑን ሊወስድ መጣ፤ ወደ መብራቱ አንስቶ አየው።
«ማን አጠበው?»
«ማንም አላጠበውም» አልኩት። እጄ ደረቅ ነው።